የምሥራቅ ነፋስ ስም ያለው መሥሪያ ቤት

በአውስትራሊያ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ጎቭ በሚባለው ባሕረ ገብ ምድር ላይ፣ ኑሉንቦይ የምትባል የማዕድን ከተማ አለች። የከተማዋ ነዋሪ ቅዳሜ ጠዋት መንጠቆውንና ምሳውን መኪናው ላይ ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ልውረድ ሲል አስቀድሞ የሚያወጣው ወረቀት አለ፤ የመግቢያ ፈቃድ። ፈቃዱን የሚሰጠው ማዘጋጃ ቤት አይደለም፤ የማዕድን ኩባንያውም አይደለም። ዲሙሩ የሚባል የአቦርጂኖች ኮርፖሬሽን ነው። ፈቃዱ በእጁ እያለም አንዳንድ ቀን መንገዱ ተዘግቶ ይጠብቀዋል። በዚያ በኩል ያለው ጎሳ ሰው ሞቶበት ይሆናል፤ ወይም ሥርዓት እየፈጸመ ይሆናል። ባለመኪናው ሌላ ዳርቻ ይመርጣል፤ አለዚያም ወደ ቤቱ ይመለሳል።

የከተማዋን አመሠራረት ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኑሉንቦይ ስትቆረቆር (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የምድሩን ባለቤቶች ፈቃድ የጠበቀ ማንም አልነበረም። ከሥሩ ቦክሳይት፣ አሉሚኒየም የሚወጣበት ቀይ ማዕድን፣ ተገኝቶ ነበርና መንግሥትና ኩባንያ ተስማሙ። ባለቤቶቹ ለፓርላማ አቤት አሉ፤ ማዕድኑ አልቆመም። ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ተረቱ። ዛሬ የዚያችው ከተማ ነዋሪ ውሃ ዳር ለመቀመጥ የእነርሱን ፈቃድ ይጠይቃል። የዲሙሩ ታሪክ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ነው። ይህን ተቋም መርጬ የምጽፈው ዳርቻ ስለሚጠርግና ኤሊ ስለሚያድን ብቻ አይደለም። አገርን መንከባከብ ማለት ከሁሉ በፊት ስለ አገሩ ወሳኙ ማን ነው የሚለውን ጥያቄ መመለስ እንደሆነ እንደ ዲሙሩ አጥርቶ ያሳየኝ ድርጅት ስለማላውቅ ነው።

የምድሩ ባለቤቶች ዮልንጉ ይባላሉ። ዲሙሩ በቋንቋቸው ዝናብ ይዞ የሚመጣው የምሥራቅ ነፋስ ስም ነው። የዮልንጉ ዓለም በሁለት ወገን የተከፈለ ነው፤ ዱዋ እና ይሪጃ። ሰውም፣ ጎሳም፣ ዛፍም፣ ዓሣም፣ ነፋስም፣ የባሕር ውሃ ራሱ ሳይቀር ከሁለቱ የአንዱ ነው። ልጅ የአባቱን ወገን ይወርሳል፤ ሲያድግ የሚያገባው ከሌላው ነው። ስለዚህ የማንም ሰው እናት ምንጊዜም ከሌላው ወገን ናት። ከዚህ የጋብቻ ሕግ አንድ የአስተዳደር ሕግ ይወለዳል። ሰው የአባቱ ምድር ባለቤት፣ የእናቱ ምድር ደግሞ ጠባቂ ነው። ግንኙነቱን ዮቱ ይንዲ ይሉታል፤ ልጅና እናት ማለት ነው። ዓለም ይህን ስም የሰማው ማንዳዉይ ዩኑፒንጉ በመሩት የሙዚቃ ቡድን በኩል ነበር፤ ቃሉ ግን ከሙዚቃ በፊት የአገር አስተዳደር ነው። ባለቤት የሆነው ጎሳ በገዛ ምድሩ ላይ ብቻውን አይወስንም። ከዚያ ጎሳ ሴቶች የተወለዱት የሌላ ጎሳ ልጆች ይጠየቃሉ፤ ሥርዓቱ በወጉ መፈጸሙን ይከታተላሉ፤ የተበላሸ ነገር ካለ ይናገራሉ።

አማርኛ ርስት የሚል ቃል ስላለው የነገሩን ግማሽ ቶሎ እንይዘዋለን፤ በአባትም በእናትም በኩል የሚመጣ የዘር ምድር። ሌላው ግማሽ ግን ይለያል። በዮልንጉ ዘንድ የእናት ምድር የሚወረሰው ሊካፈሉት ሳይሆን ሊጠብቁት ነው። ዛሬ በመሥሪያ ቤት ደረጃ የምናየው ጥበቃ ሥሩ እዚህ ነው። የአካባቢ ጥበቃ የሚለው ሐሳብ ከከተማ ወይም ከዩኒቨርሲቲ እስኪመጣላቸው አልጠበቁም።

ምድራቸውም ውሃው ዳር ሲደርስ አያበቃም። ባሕሩ ውስጥ ያለ አለት፣ የጥልቁ ውሃ መንገድ፣ ሞገዱ የሚሰበርበት ቦታ ሁሉ ስምና ባለቤት አለው፤ የሚዘመርለት ዜማም አለው። ጨዋማውን ውሃ ሞኑክ ጋፑ ይሉታል። እኛ ባሕር ስንል የሚታየን ወሰን የሌለው ነገር ነው። ለእነርሱ ግን ባሕሩ እንደ ማሳ በጎሳ በጎሳ የታወቀ አገር ነው።

የውጭ ሰው በስምምነት መጥቶ መሄዱም ለዚህ ዳርቻ አዲስ አይደለም። ቢያንስ ከ1700ዎቹ ጀምሮ የዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ክፍል ከሆነችው ከሱላዌሲ የማካሳር መርከበኞች በሰሜን ምዕራቡ ነፋስ እየተነዱ በየዓመቱ ይመጡ ነበር። የሚፈልጉት ትሪፓንግ የሚባል፣ ኪያር የሚመስል የባሕር እንስሳ ነው፤ ቀቅለው፣ በጢስ አድርቀው ለቻይና ገበያ ያቀርቡታል። ዳርቻው ላይ ይሰፍራሉ፤ ለዮልንጉ ብረት፣ ጨርቅ፣ ሩዝና ትምባሆ ይሰጣሉ፤ ነፋሱ ሲዞር ተነሥተው ይሄዳሉ። ሁልጊዜ በሰላም ነበር አልልም፤ ጠብም ደምም ነበር። ግን እንግዳው እንግዳ መሆኑን፣ ምድሩም የማን እንደሆነ ሁለቱም ያውቁ ነበር። የተከሏቸው የሮቃ ዛፎች ዛሬም ዳርቻው ላይ አሉ። ዮልንጉ እስከ አሁን ገንዘብን ሩፒያ፣ ነጭ ሰውን ባላንዳ ይላሉ፤ ባላንዳ ሆላንዳዊ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ዉርዉርዉይ በሚባል ስፍራ ደግሞ የዮልንጉ ሰዎች የማካሳሮቹን መርከቦች ድንጋይ በመደርደር መሬት ላይ ሥለው ትተዋል። ስፍራው ከ2013 ጀምሮ በአውስትራሊያ ብሔራዊ ቅርስነት ተመዝግቧል። ንግዱ የቆመው በ1907 ገደማ የአውስትራሊያ ባለሥልጣናት ለመርከቦቹ ፈቃድ መስጠት ሲያቆሙ ነው። ያን ጊዜም ከዮልንጉ ጋር የመከረ አልነበረም።

አካባቢው አርነም ላንድ ይባላል፤ ስሙ በ1623 በዚያ ካለፈች የሆላንድ መርከብ የመጣ ነው። በ1931 ምድሩ የአቦርጂኖች ክልል ተብሎ ተከለለ፤ በ1935 የሜቶዲስት ሚሲዮን በይርካላ ተተከለ። እነዚህን ዓመታት በፍጥነት ማለፍ ይቻላል። 1963ን ግን አይቻልም።

በዚያ ዓመት መንግሥት ከክልሉ ላይ ከ300 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ምድር ቆርሶ ለቦክሳይት ቁፋሮ ሊሰጥ መሆኑን አስታወቀ። የይርካላ ሰዎች ተሰብስበው ለፓርላማ አቤቱታ ጻፉ፤ ጉማጅ በሚባለው የዮልንጉ ቋንቋና በእንግሊዝኛ። ወረቀቱን ልጠው ባዘጋጁት የባሕር ዛፍ ዘር ቅርፊት ላይ ለጠፉት፤ ዙሪያውን የዱዋና የይሪጃ ጎሳዎች ሥዕሎች ከበቡት። ሥዕሉን ጌጥ ነው ብሎ ያለፈ ሰው ነገሩን ስቶታል። እያንዳንዱ ጎሳ በምድሩ ላይ ያለውን መብት የሚያሳየው በዚያ ንድፍ ነው፤ እኛ ካርታና ማኅተም እንደምንለው ያለ። ከሥሩ ዘጠኝ ወንዶችና ሦስት ሴቶች ፈረሙ። የግዛቶች ሚኒስትር የነበሩት ፖል ሃስለክ ፈራሚዎቹ ሕዝቡን ይወክላሉ ወይ የሚል ጥርጣሬ አነሡ። መልሱ ሁለተኛ አቤቱታ ሆኖ መጣ፤ በሽማግሌዎች የአውራ ጣት አሻራ የተሞላ።

ፓርላማው ኮሚቴ አቋቁሞ ይርካላ ድረስ ላከ። ኮሚቴው ካሳ እንዲከፈል፣ የተቀደሱ ስፍራዎች እንዲጠበቁ መከረ። ቁፋሮው ግን ቀጠለ። በ1968 መጨረሻ ዮልንጉ ናባልኮ የተባለውን ኩባንያና መንግሥትን ከሰሱ። ክሱ ከከሳሾቹ አንዱ በሆኑት በሚሊርፑም ማሪካ ስም ተጠራ፤ ከአስተርጓሚዎቹ አንዱ በኋላ የሕዝቡ ታላቅ መሪ የሆኑት፣ ያን ጊዜ በሃያዎቹ መጀመሪያ የነበሩት ጋላርዉይ ዩኑፒንጉ ነበሩ። በ1971 ዳኛ ሪቻርድ ብላክበርን ፈረዱ።

ይህን ፍርድ ባነበብኩ ቁጥር ያው ቦታ ላይ እቆማለሁ። ዳኛው ዮልንጉን አልናቁም። የረቀቀ፣ የጸና፣ ከሰው ፈቃድ በላይ የሆነ ሕግ እንዳላቸው መስክረዋል። የቀረበላቸውን ማስረጃ ሲመዝኑም ምድሩ የጎሳው ነው ከማለት ይልቅ ጎሳው የምድሩ ነው ማለት እንደሚቀል ጽፈዋል። እዚያ ላይ ነው የፈረዱባቸው። ሰው የምድሩ ከሆነ ምድሩ የሰው ንብረት አይደለም፤ ንብረት ካልሆነ የእንግሊዝ ሕግ የሚያውቀው መብት የለም፤ ስለዚህ ኩባንያው ይቆፍራል። ዮልንጉ ከልባቸው የተናገሩት እውነት በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ በእነርሱ ላይ ዞረ። ከሃያ ዓመት በኋላ ያቆሙት መሥሪያ ቤት የተሠራው ግን በዚያው በተረቱበት ቃል ላይ ነው፤ እኛ የምድሩ ነን፤ ስለዚህ እንጠብቀዋለን።

ሽንፈቱ አገሩን አነቃነቀ። መንግሥት አጣሪ ኮሚሽን አቆመ፤ በ1976 የሰሜን ቴሪቶሪ (አርነም ላንድ ያለበት ግዛት) የአቦርጂኖች የመሬት መብት ሕግ ወጣ። አርነም ላንድ በማይሸጥ በማይለወጥ የባለቤትነት መብት ወደ ሕዝቡ ተመለሰ፤ አዲስ ማዕድን ሊቆፍር የሚመጣውም እንዲያስፈቅድ ሆነ። የጎቭ ማዕድን ግን ቀድሞ ገብቶ ነበርና በውሉ ቀጠለ። በዚያው በ1976 ሌላ፣ ብዙ ያልተወራለት ሕግም ወጣ፤ የአቦርጂን ማኅበራት በራሳቸው ስም ተመዝግበው ሕጋዊ ሰውነት እንዲያገኙ የሚፈቅድ። የአቦርጂን ኮርፖሬሽን የሚባለው የተቋም ዓይነት የተወለደው ከዚህ ነው። ኮርፖሬሽን የሚለው ቃል ትርፍና አክሲዮን ያስታውሰናል፤ ይህኛው ግን አባላቱ የአገሬው ሰዎች የሆኑ፣ ከመካከላቸው ዳይሬክተሮች የሚመርጡ ማኅበር ነው። በ2007 በሥራ ላይ የዋለ አዲስ ሕግ የቀድሞውን ተክቶታል።

ምድር በሕግ መመለሱ አንድ ነገር ነው፤ ምድሩን በቅዳሜና እሑድ መጠበቅ ሌላ ነገር። ኑሉንቦይ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ይኖሩባት ጀመር፤ አብዛኞቹ ለሥራ የመጡ፣ ደመወዛቸው ጥሩ፣ መዝናኛቸው ዓሣ ማጥመድና በአራት ጎማ መኪና ዳርቻ ላይ መንዳት የሆነ። የአሸዋው ክምር በጎማ ታረሰ። ዳርቻው ቆሻሻ ሆነ። ሰው ሊረግጠው የማይገባ ስፍራ ላይ ድንኳን ተተከለ። ብዙዎቹ ክፉ አስበው አይደለም፤ ማንንም መጠየቅ እንዳለባቸው አልገባቸውም ነበር። ይህን የሚያዩት ሽማግሌዎች ናቸው በ1992 ዲሙሩን ያቋቋሙት።

ከመሥራቾቹ ፊት የሚቀመጡት የሪራጂንጉ ጎሳው ሮይ ዳዳይንጋ ማሪካ ናቸው፤ በመሬት መብት ትግሉ ግንባር ቀደም የነበሩ፣ የመሬት መብት አባት የተባሉ ሰው። ለተቋሙ የተዉት ራእይ አጭር ነበር። ከመንግሥት የፓርክ ሰዎች ጋር አብረን መሥራት እንፈልጋለን፤ እርዳታም ያስፈልገናል፤ ስለ ምድሩ የሚወስኑት ግን ሕጉ ያላቸው፣ የምድሩ የፍጥረት ታሪክ ባለቤት የሆኑት ብቻ ናቸው፤ መልእክቱ ይህ ነው። በሌሎች ቦታዎች ባለቤቶቹ ምድራቸውን ለመንግሥት በኪራይ እየሰጡ በጋራ የሚተዳደር ብሔራዊ ፓርክ ይቋቋም ነበር። ዮልንጉ ያንን መንገድ አልፈለጉም። ሮይ ማሪካ በ1993 አረፉ፤ ቃላቸው ግን እስከ ዛሬ የተቋሙ መመሪያ ነው።

1992ን ሳስብ ሌሎች ሁለት ነገሮች ይታወሱኛል። በዚያው ዓመት የአውስትራሊያ ከፍተኛው ፍርድ ቤት በማቦ ጉዳይ ላይ ፈርዶ፣ ምድሩ እንግሊዞች ሲመጡ የማንም አልነበረም የሚለውን አስተሳሰብ ሻረ፤ የብላክበርን ፍርድም አብሮ ወደቀ። እንደገና በዚያው ዓመት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአንትሮፖሎጂስቱ ዶናልድ ቶምሰን መሪነት የአርነም ላንድን ዳርቻ ከጃፓን ይጠብቁ ለነበሩ 50 ያህል የአቦርጂን ዘማቾች ያልተከፈለ ደመወዝና ሜዳይ ተሰጠ። በጦርነቱ ጊዜ ገንዘብ አልተከፈላቸውም ነበር፤ በ50 ዓመቱ ለደረሱትና ለቤተሰቦቻቸው ደረሰ። ዳርቻውን መጠበቅ ሥራ መሆኑን መንግሥት ለመቀበል የወሰደበት ጊዜ ያን ያህል ነው።

የዲሙሩ የመጀመሪያ መሣሪያ ያው የፈቃድ ወረቀት ነው። ለመዝናኛ የሚፈቀዱት ዳርቻዎች ተለይተው ተሰየሙ፤ ጎብኚው ክፍያ ይከፍላል፤ ክፍያው ወደ ሥራው ይገባል። የተቀረው አገር ዝግ ነው። ሬንጀሮቹ (በእኛ ፓርኮች ስካውት የሚባሉት ዓይነት) መንገድ ይለያሉ፤ አሸዋው እንዳይታረስ አጥር ያበጃሉ፤ ምልክት ይተክላሉ፤ ከከተማው ሰው ጋር ይነጋገራሉ። ይህ የመጨረሻው ሥራ ከሁሉ የሚከብድ ይመስለኛል። አንድ ወጣት ሬንጀር በዕድሜ የሚበልጠውን ሰው መኪናውን እንዲያዞር መንገር አለበት፤ ሕጉ የማን እንደሆነም ማስረዳት አለበት። የአዞ ጉዳይም የእነርሱ ነው። የጨው ውሃው አዞ ለብዙ የይሪጃ ሰዎች ባሩ የሚባል ቅድመ አያት ነው፤ ሰው የሚበላ አውሬም ነው። ሁለቱንም አክብሮ መሥራት ያስፈልጋል።

ከሰሜን ቴሪቶሪ የፓርክና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ጋር የተደረገው ውል የሮይ ማሪካን ቃል ወደ አሠራር የለወጠ ነው። የመንግሥቱ ሬንጀር በዲሙሩ ቢሮ ተቀምጦ ከዮልንጉ ሬንጀሮች ጋር ይሠራል፤ ውሳኔው ግን የባለቤቶቹ ነው። በብዙ አገር የተለመደው የዚህ ግልባጭ ነው፤ መንግሥት ይወስናል፣ የአገሬው ሰው በዘበኝነት ይቀጠራል።

በ2000 ምድሩ የነባር ሕዝቦች ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ታወጀ። ሐሳቡ አውስትራሊያ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የሞከረችው ነው፤ የመጀመሪያው ናንታዋሪና የሚባል የደቡብ አውስትራሊያ ስፍራ በ1998 ታውጆ ነበር። የሚያውጁት ባለቤቶቹ ራሳቸው ናቸው፤ መንግሥት ያውቀዋል፣ በገንዘብም ይደግፋል፤ ምድሩ ግን ከእጃቸው አይወጣም። ዲሙሩ በሰሜን ቴሪቶሪ የመጀመሪያው ነበር። ስፋቱ ወደ 100,000 ሄክታር ሲሆን 9,000 ያህሉ ባሕር ነው። ያቺ 9,000 ትንሽ ትመስላለች። ጥብቅ ስፍራው ውሃ ዳር ሲደርስ እንዳልቆመ በመንግሥት ወረቀት ላይ የሰፈረችው ግን በእርሷ ነው። አገራቸው የብስና ባሕር ተብሎ አይከፈልም የሚለው የዮልንጉ ቃል የመጀመሪያ ቦታውን አገኘ።

በ2006 ዲሙሩ የባሕሩን አገር የሚመለከት ዕቅድ አወጣ፤ ርዕሱም በዮልንጉ ቋንቋ የጨው ውሃ አገራቸውን የሚጠራ ነው። በዚያው ሰሞን ከደቡብ በኩል፣ ብሉ መድ ቤይ ከሚባለው ሰላጤ፣ የባሕሩ ጥያቄ በፍርድ ቤት ይንፏቀቅ ነበር። ነገሩ የተነሣው በ1990ዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ፈቃድ የሌላቸው ዓሣ አጥማጆች በሰፈሩበት ቦታ በጆንያ የተጣለ የአዞ ራስ ተገኘ፤ የአዞው ቅድመ አያት የባሩ ቅዱስ ስፍራ በሆነው ቦታ ላይ። ጃምባዋ ማራዊሊ የተባሉት መሪና ሠዓሊ ከወገኖቻቸው ጋር ሆነው አባቶቻቸው በ1963 ያደረጉትን አደረጉ፤ ሣሉ። 47 ሠዓሊዎች የባሕሩን ሕግ የሚያሳዩ 80 የቅርፊት ሥዕሎች ሠርተው አገሩን እያዞሩ አሳዩ። ከዚያ ሙግት ተከፈተ፤ በ2008 ከፍተኛው ፍርድ ቤት በአቦርጂኖች ምድር ፊት ለፊት ባሕሩ ሲሸሽ የሚገለጠው፣ ሲመለስ የሚሸፈነው ዳርቻና ከላዩ ያለው ውሃ ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ እንደማይገባበት ወሰነ። ይህ የሰሜን ቴሪቶሪን ባሕር ዳር 80 በመቶ ያህል የሚነካ ውሳኔ ነው። በ2013 ዲሙሩ ጥብቅ ስፍራውን ከ500,000 ሄክታር በላይ አሰፋው፤ አብዛኛው ጭማሪ ባሕር ነው።

ባሕሩ ላይ ያለው ሥራ ስለ ኤሊ መናገር ይጠይቃል። ዮልንጉ የባሕር ኤሊን በጥቅሉ ሚያፑኑ ይሉታል፤ ዓይነቶቹን ግን እያንዳንዳቸውን በስም ያውቃሉ፤ ዳልዋትፑ፣ ጋሪዋ፣ ሙዱቱ፣ ጉዋርጂ፣ ጋሩን። ሥጋውንና እንቁላሉን ይበሉታል፤ በዜማቸውም ያከብሩታል። በ1990ዎቹ ሽማግሌዎች ኤሊው ምን ላይ እንደሆነ ለማወቅ ፈልገው ከሳይንቲስቶች ጋር ምርምር ጀመሩ። ሬንጀሮቹ ከ1996 ጀምሮ በዳርቻው በመረብ ተጠልፈው የሚወድቁትን ኤሊዎች መመዝገብ ያዙ። መረቦቹ ከአርነም ላንድ አይደሉም። ከሩቅ የዓሣ መርከቦች የተጣሉ ወይም የጠፉ፣ አጥማጅ ሳይኖራቸው የሚያጠምዱ የናይሎን መረቦች ናቸው። የካርፔንታሪያ ባሕረ ሰላጤ ውሃ ያዞራቸዋል፤ የበጋው ነፋስ ዳርቻው ላይ ይጥላቸዋል። አንዳንዱ በሰው ጉልበት የማይነቃነቅ ነው፤ በመኪና ይጎተታል። በሕይወት ያለ ኤሊ ከተገኘ መረቡ በቢላ ይቆረጥና ይለቀቃል። የሞተው ይለካል፤ የመረቡ ዓይነት ይጻፋል። ይህ ምዝገባ ችግሩ የአንድ መንደር እንዳልሆነ አሳየ፤ ከ2004 ጀምሮ በባሕረ ሰላጤው ዙሪያ ያሉ የአቦርጂን ሬንጀሮች በአንድ ፕሮግራም መረቡን ይሰበስቡና ይመዘግቡ ጀመር።

በየብሱ ላይ ያለው ጠላት ደግሞ ትንሽ ነው፤ ቢጫ እብድ ጉንዳን። ከውጭ የገባ፣ አሲድ የሚረጭ፣ በደረሰበት ቦታ የአገሩን ነፍሳት የሚያጠፋ። በጎቭ አካባቢ የሚገኝ የቢራቢሮ ንዑስ ዝርያም በዚሁ ይጠቃል ተብሎ ተሠግቶ ነበር። ዲሙሩ ሲ.ኤስ.አይ.አር.ኦ. ከሚባለው ብሔራዊ የሳይንስ ተቋም ጋር ሆኖ በጫካው እየተመላለሰ ጉንዳኑ ያለበትን ቦታ በካርታ አወጣ፤ በዓሣ ዱቄት የተለወሰ መርዝ እየበተነ ከብዙ ስፍራ ነቀለው። ሬንጀሮቹ ጫካ ለጫካ መሬት መሬቱን እያዩ ለወራት መሄድ ነበረባቸው። እንዲህ ያለ ሥራ በጋዜጣ አይወጣም፤ ለእኔ ግን ከፍርድ ቤቱ ድል አያንስም።

እሳትም አለ። የዝናቡ ወቅት እንዳለፈ፣ ሣሩ ገና እርጥበት እያለው፣ ቁራጭ ቁራጩን ያቃጥሉታል፤ የበጋው መጨረሻ ሲመጣ ትልቁ ቃጠሎ የሚበላው እንዳያገኝ። ጊዜው መድረሱን የሚያውቁት ከቀን መቁጠሪያ አይደለም። አንዱ ተክል ሲያብብ አንዱ እንስሳ ይሰባል፤ አንዱ ነፋስ ሲቆም ሌላው ይነሣል። ሳይንቲስቱ የሳተላይት ምስል ይዞ ይመጣል፤ ሽማግሌው የአበባውን ወሬ ይዞ ይመጣል።

ለዚህ መገናኘት ዮልንጉ ስም አላቸው፤ ጋንማ። ጣፋጩ ወንዝና ጨዋማው ባሕር ሲገናኙ ውሃው አረፋ ያወጣል፤ አንዱ ሌላውን አይውጠውም። ማንዳዉይ ዩኑፒንጉ በይርካላ ርዕሰ መምህር በነበሩበት ዘመን የትምህርት ቤቱ መሪ ሐሳብ ይኸው ነበር፤ ዲሙሩም ሁለቱንም መንገድ የሚለውን አሠራር ወስዶ የራሱ አደረገ።

ገንዘቡ ሁልጊዜ ከሐሳቡ ጋር አልሄደም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙ ሬንጀር የሚከፈለው ከሥራ አጥ ድጎማ ብዙም በማይሻል ክፍያ ነበር። በ2007 የፌደራል መንግሥት ለአቦርጂን ሬንጀሮች እውነተኛ ደመወዝ የሚከፍል ፕሮግራም ጀመረ። ዛሬ የነባር ሕዝቦች ጥብቅ ስፍራዎች ከአውስትራሊያ ጥብቅ ምድር ግማሹን ይበልጣሉ። ያም ሆኖ ገንዘቡ በውል የሚታደስ ነው፤ ውሉ ሲያልቅ ሥጋት ይመጣል። ምድርን ለዘለዓለም የሚጠብቅ ሕዝብ በጥቂት ዓመት በጀት መሥራት እንዳለበት ማየት ያሳዝነኛል።

ማዕድኑ ራሱ እያበቃ ነው። የአሉሚና ማጣሪያው በ2014 ሥራ አቆመ፤ ከ1,000 በላይ ሥራ ጠፋ፤ ኑሉንቦይም ሳሳች። ቁፋሮው በዚህ አሥርት ዓመት መጨረሻ ገደማ ይቆማል ተብሎ ይጠበቃል፤ ያኔ የኪራይ ምድሩ ወደ ዮልንጉ ይመለሳል። ጋላርዉይ ዩኑፒንጉ ያለ ፈቃዳቸው ለተወሰደው ምድር ካሳ ጠይቀው ነበር፤ በ2023 አረፉ። በማርች 2025 ከፍተኛው ፍርድ ቤት የፌደራል መንግሥት ለዚህ ጉዳይ በሕገ መንግሥቱ መሠረት ካሳ ሊጠየቅ እንደሚችል ፈረደ። ከቅርፊቱ አቤቱታ 62 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ለቦክሳይቱ ሲባል የተመነጠረው ጫካ አብዛኛው ጋዳይካ የሚባል የባሕር ዛፍ ዘር ነበር። የ1963ቱ አቤቱታ የተለጠፈው በዚህ ዛፍ ቅርፊት ላይ ነው። ቅርፊቱ የሚላጠው በዝናብ ወቅት፣ ዛፉ ውስጡ ውሃ ሲሞላ ነው፤ በእሳት ተለብልቦ፣ በድንጋይ ተጭኖ እስኪቀና ይጠበቃል። ቁፋሮው ያለፈበት ቀይ መሬት ላይ አፈሩ ተመልሶ ዘር ይዘራል፤ ጋዳይካም አንዱ ነው። ከዚያ ላይ ሥዕል የሚችል ሰፊ ቅርፊት ለመላጥ ዛፉ ገና ብዙ ዝናብ ያስፈልገዋል።